የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ወደ ሐይቆቹ ዳር የሚወስደው የክፍያ መንገድ

ባለፉት ሳምንታት ለዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት ስለ አንድ መንገድ ነው። ይህም ሞጆ አካባቢ ከአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተገንጥሎ በመቂ በኩል ወደ ባቱ፣ በዕቅዱም እስከ ሐዋሳ የሚዘልቀው የክፍያ መንገድ ነው። እኛ ለበዓልና ለዕረፍት የምንወርደው ወደ ባሕር ሳይሆን ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በመሆኑ፣ መንገዱ የጭነት አሽከርካሪውን ያህል የቤተሰብ መንገድ ሆኗል። ጥያቄዎቹም ከመኪና ባለቤቶች ብቻ ሳይሆን ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ከሚኖሩ ሰዎች ጭምር የመጡ ናቸው። ሁሉንም ማስተናገድ ስላልቻልን ሰባቱን መርጠን፣ አንዳንዶቹንም አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ለገና ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር ላንጋኖ ለመውረድ አስበናል። ነዳጅ ስቀዳ ለመንገድ ተብሎ ይቆረጥብኛል፤ የመኪናዬን ዓመታዊ ፈቃድ ሳሳድስም እከፍላለሁ። አሮጌው መንገድ ያለ ክፍያ እያለልኝ ለአዲሱ እንደገና የምከፍለው ስለ ምንድን ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከነዳጅ ላይ የሚቆረጠው ገንዘብ የሚገባው በ1989 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ሲሆን፣ የፈንዱ ሥራ በመላ አገሪቱ ያሉ ነባር መንገዶችን ማስጠገን ነው። እርስዎ በነፃ እንደሚነዱበት የሚያስቡት አሮጌው የሞጆ–ባቱ መንገድም የሚጠገነው ከዚሁ ገንዘብ ነው። የፍጥነት መንገዶቹ ግን በብድር የተሠሩ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ተመርቆ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ክፍያ መሰብሰብ የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ከግማሽ የሚበልጠው ወጪው የተሸፈነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የሞጆ–ሐዋሳ መንገድ ደግሞ በአራት ክፍል ተከፍሎ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ የኮሪያ ኤግዚም ባንክ፣ የዓለም ባንክና የቻይና ኤግዚም ባንክ ከመንግሥት ጋር ሆነው ገንዘብ ያቀረቡለት ነው። ብድሩ የሚመለሰው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን ከእርስዎ የሚሰበሰበው ብር ነው፤ ስለዚህ ብሩ በተዳከመ ቁጥር የታሪፍ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ይህን አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

የሚገዙትን ነገር በተመለከተ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ጊዜውን ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ከ90 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በአሮጌው መንገድ ግን በቆቃ፣ በዓለም ጤናና በመቂ ከተሞች ውስጥ እያለፉ፣ ከፊትዎ አንድ ሲኖትራክ ከቆመብዎ ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል። እኔ ግን ከጊዜው የማስቀድመው ሌላ ነገር አለ። በሁለት ጠባብ መስመር መንገድ ላይ ቤተሰብ የሚጨርሰው አደጋ፣ ለመቅደም የወጣ መኪና ከፊት ከሚመጣው ጋር ሲጋጠም የሚደርሰው ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ መሄጃና መምጫው በአካፋይ የተለየ ስለሆነ፣ መስቀለኛም ስለሌለ፣ ይህ ዓይነቱ ግጭት ከሞላ ጎደል ምክንያቱን ያጣል። ሦስት ልጆች ኋላ ወንበር ላይ ላሉት ሰው የምመክረው፣ ክፍያውን ከሆቴሉና ከነዳጁ ወጪ ጋር አንድ ላይ አስበው በአዲሱ መንገድ እንዲወርዱ ነው።

የጭነት መኪና ለምን ብዙ ይከፍላል ብለው ለጠየቁ ሌላ አንባቢም በዚሁ እንመልስ። በአንድ የጎማ ዘንግ ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ብቻ ሳይሆን 16 እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህ የመንገድ መሐንዲሶች ሁሉ የሚሠሩበት ስሌት ነው። የቤት መኪናዎች አስፋልቱን ያን ያህል አይጎዱትም።

ጥያቄ፦ መግቢያ ላይ የተሰጠኝን ካርድ የአራት ዓመት ልጄ መስኮት ከፍታ ጣለችው። ወደ ኋላ ተመልሼ ላንሣው ብዬ አስቤ ነበር። መውጫ ላይ ምን ማድረግ ነበረብኝ? (አንባቢ፣ ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ወደ ኋላ አለመመለስዎ ጥሩ ነው። በፍጥነት መንገድ ላይ በኋላ ማርሽ መንዳትም ሆነ ወርዶ በእግር መመለስ ካርዱ ከሚያስከፍለው ሁሉ የከፋ ነው። ክፍያው የሚሰላው በመኪናው ዓይነትና በተጓዙት ርቀት በመሆኑ፣ ከየት እንደገቡ የሚመሰክርልዎ ካርዱ ብቻ ነው። ካርድ ለጠፋበት ሰው ከመጨረሻው ሩቅ መግቢያ እንደመጣ ተቆጥሮ ማስከፈል በጣሊያንና በሌሎችም አገሮች የተለመደ አሠራር ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ነገር ቢጠየቁ አይደነቁ። ከመስኮቱ እንደደረሱ ለገንዘብ ተቀባዩ በግልጽ ይንገሩ፤ ለሚቀጥለው ጊዜም ካርዱን የፀሐይ መከላከያው ላይ ይሰኩት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጠንቃቃ ሾፌር ነው፤ በ20 ዓመት ውስጥ ሰው ገጭቶ አያውቅም። ነገር ግን በፍጥነት መንገዱ ሄደን ባቱ ላይ ስንወጣ፣ አሮጌው መንገድ ላይ ከገባን በኋላም ያንኑ ፍጥነት ይቀጥላል። ስነግረው “እየተንፏቀቅኩ እኮ ነው” ይለኛል። እውነት አይታወቀውም ወይስ ሊያጽናናኝ ነው? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እውነት አይታወቀውም። ይህን ደብዳቤ ከሁሉ አስበልጠን ያየነው፣ ብዙ አሽከርካሪዎች ያለባቸውና ስም እንኳ ያልሰጡት ነገር ስለሆነ ነው። ሰው ለአንድ ሰዓት በ100 ወይም በ110 ሲጓዝ ዓይኑም ጆሮውም ፍጥነቱን ይለምዱታል፤ ከዚያ ወደ 70 ዝቅ ሲል የቆመ ያህል ይመስለዋል። ባለቤትዎ በስሜቱ ዝግ ያለ ነው ብሎ የሚምልበት ፍጥነት በመለኪያው ላይ ሲታይ ከገመተው የሚበልጥ ሊሆን ይችላል። የመንገድ ደኅንነት ባለሙያዎች በየአገሩ ለክተው ያረጋገጡት ጉዳይ ነው፤ ጠንቃቃውንም ግዴለሹንም እኩል ያታልላል፤ እንዲያውም ጠንቃቃው በራሱ ስለሚተማመን መለኪያውን ማየት ይተዋል።

ቀድሞ የተከፈተው ክፍል የሚያበቃው ባቱ ላይ በመሆኑ፣ እዚያ ወጥቶ ወደ ላንጋኖ የሚወርድ ቤተሰብ ቀሪውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው በቡልቡላ በኩል በሚያልፈው ነባር መንገድ ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመውጫው መንገድ ከከተማው ጋር ከሚገናኝበት አጠገብ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ነበር። የበዓል ዋዜማ ስለነበረ መኪናው ይጎርፋል። ቢጫ ጀሪካን የጫነ የአህያ ጋሪ መንገዱን ሊሻገር ግማሽ ላይ ሳለ አንድ ነጭ ሚኒባስ ደረሰበት፤ የፍሬኑ ጩኸት ከዳር ያሉትን ሁሉ ከተቀመጡበት አስነሣ። ጋሪው ላይ የነበረው ልጅ ልጓሙን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፣ ከአህያዋ አፍንጫ እስከ መኪናው መከላከያ ያለውም ክፍተት ሁለት እርምጃ አይሞላም ነበር። ሾፌሩ ወርዶ እጁ እየተንቀጠቀጠ ልጁን ሲያቅፈው አየሁ። በኋላ ስንነጋገር፣ ከክፍያ መስኮቱ ከወጣ ወዲህ ነዳጅ የረገጠ እንኳ እንዳልመሰለው ነገረኝ፤ ውሸቱን እንዳልነበረ አምናለሁ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይረዳል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 42 ሜትር አልፏል፤ በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ጎማ እስኪቆም ደግሞ 55 ሜትር ገደማ ይጨምራል። በጠቅላላው 100 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ያው መኪና በ35 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በአጥር በታጠረው መንገድ ላይ ያ 100 ሜትር ሊኖር ይችላል። በባቱ ከተማ መግቢያ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ተማሪውና ከብቱ በሚተላለፉበት ቦታ፣ 35ቱም በጭንቅ ይገኛል።

ምን ያድርጉ? በጉዞ ላይ ሳሉ፣ ልጆች እየሰሙ አይናገሩት፤ ማንም ሰው መሪ ይዞ ሳለ ቢታረም ደስ አይለውም። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት በእርጋታ ይህን ጽሑፍ ያንብቡለትና፣ ባቱ ላይ ሁልጊዜ እንድትቆሙ ተስማሙ። ለመቆም ምክንያት አይጠፋም፤ የባቱ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ብቻውን በቂ ነው። ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ የተነሣ ሰው የለመደውን ፍጥነት ይረሳዋል። ከዚያ እስከ ቡልቡላ ድረስ ግን በስሜቱ ሳይሆን በመለኪያው ይንዳ፤ እርስዎም አጠገቡ ከተቀመጡ “ስንት ላይ ነህ?” ብለው መጠየቅ ብቻ ይበቃዎታል፤ መልሱን ለማግኘት የግድ ዝቅ ብሎ ያያል። ከጀምበር መጥለቅ በኋላ ከብት ወደ ቤት የሚገባበት ሰዓት ስለሆነ ይህን ክፍል በቀን ብርሃን ጨርሱት።

ጥያቄ፦ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። የጎማዎቼ ጥርስ ገና አልተበላም፤ ጎሚስታው ግን “አርጅቷል፣ በፍጥነት መንገድ አትግባበት” አለኝ። ሊሸጥልኝ ፈልጎ ይሆን? (አንባቢ፣ ከሞጆ)

መልስ፦ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። በጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ ተጽፎ ያገኛሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የተመረተበትን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ያመለክታሉ። ለምሳሌ 2316 ከተባለ በ2016 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማም ላስቲኩ በፀሐይና በዕድሜ ይደርቃል፤ ብዙ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ እንዳይሠራበት ይመክራሉ። ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካዩ ዕድሜውንም አይጠብቁ። ነፋሱን ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ማታ ወይም ጠዋት ያስለኩ። በረዥም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ነፋስ ያነሰው ጎማ እየታጠፈ ይግላል፤ ቢፈነዳብዎም ፍሬን በድንገት አይርገጡ፣ መሪውን አጥብቀው ይዘው ነዳጁን በመልቀቅ ወደ ቀኝ ዳር ያውጡት። ተሳፋሪዎቹን በቀኝ በኩል አውርደው ከብረት መከላከያው ውጭ ያቁሟቸው፤ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው የሚጠብቁ ሰዎች ከኋላ በሚመጣ መኪና ሊመቱ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጀርመን ነው። እዚህ ለአውቶባን አንከፍልም፤ ክረምት ላይ ልጆቹን ይዘን ወደ ክሮኤሺያ ባሕር ዳርቻ ስንወርድ ግን በየቦታው እንከፍላለን። አገራችን የጀርመኑን መንገድ ለምን አልመረጠችም? በበዓል ቀንስ ዋጋ ቢጨመር መጨናነቁን አይቀንስም? (አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ጀርመንም ቢሆን ከባድ የጭነት መኪናዎችን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታስከፍላለች፤ የቤት መኪናው የማይከፍለው ወጪው ከግብር ስለሚሸፈን ነው። መኪና ያላቸው ሰዎች ከሕዝቡ ጥቂት በሆኑበት አገር ግን ይህ አሠራር በአህያ ጭኖ ገበያ የሚወጣውን ገበሬ ለሽርሽር ለሚወርደው መኪና እንዲከፍል ማድረግ ይሆናል። ስለዚህ ተጠቃሚው ይክፈል የሚለውን ሐሳብ እኔ ትክክል ነው እላለሁ። በነገራችን ላይ በዓለም የመጀመሪያ ከሚባሉት የክፍያ አውራ ጎዳናዎች አንዱ በ1924 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ከሚላኖ ወደ ቫሬሴ የተከፈተው ሲሆን፣ ስሙም “የሐይቆቹ መንገድ” ነው፤ የከተማውን ሰው ወደ ሐይቅ ዳር መዝናኛ የሚያወርድ መንገድ ነበርና።

እርስዎ የሚሄዱበት ከዛግሬብ ወደ ስፕሊት የሚወርደው የክሮኤሺያ መንገድ በ2005 እ.ኤ.አ. ስፕሊት አጠገብ ሲደርስ፣ ተራራውን የሚበሱ እያንዳንዳቸው ከአምስት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚበልጡ ሁለት ዋሻዎች አስፈልገውታል። አገሪቱ በቱሪስት ወራት ታሪፉን 10 በመቶ ያህል ከፍ ታደርጋለች። እኛ ዘንድ ግን ይህ እንዲደረግ አልመኝም። በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን ዋጋው ቢጨመር የተወሰኑት ቤተሰቦች ክፍያውን ሸሽተው ወደ አሮጌው መንገድ ይመለሳሉ፤ አሮጌው መንገድ ደግሞ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው በእነዚያው ቀናት ነው። የሚሻለው በዋዜማው ተጨማሪ የክፍያ መስኮቶችን መክፈት ነው።

ጥያቄ፦ መቂ ላይ በአሮጌው መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት በመሸጥ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። አዲሱ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የቤት መኪና የሚባል አይቆምም፤ የሚያልፈው ጭነት ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ አጥሩን አልፈው በአዲሱ መንገድ ዳር መሸጥ ጀምረዋል፤ እኔም ልሂድ? (እናት፣ ከመቂ)

መልስ፦ እናቴ፣ አይሂዱ። መኪናው ስለማይቆም ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ቢቆምልዎ ከኋላው የሚመጣው በ100 የሚበር ነው፤ መንገዱ ዳር እንቅብ ይዞ የተቀመጠ ሰው ይኖራል ብሎ አይጠብቅም። ያጡት ገበያ ግን እውነተኛ ጉዳት ነው። መንገዱ ሲታቀድ ተነሺ ለሆነው ገበሬ ካሣ ይታሰባል፤ በመኪና መቆም ይኖር ለነበረ ቸርቻሪ ግን የሚያስብለት የለም፤ ይህ መስተካከል ያለበት ጉድለት ነው ብለን በዚህ አምድ ደጋግመን እንጽፋለን።

እስከዚያው ሁለት ነገር ይሞክሩ። መንገዱ ከእርስዎ ደጃፍ መኪናውን ቢወስድም፣ ወደ ላንጋኖና ወደ ባቱ የሚወርደውን እንግዳ አብዝቶታል፤ የሚበላው ሰላጣና ወጥ ደግሞ ቲማቲም ይፈልጋል። አምስት ስድስት ሆናችሁ አንድ ላይ ለአንድ ሎጅ ወይም ሆቴል ወጥ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ለማቅረብ ብትስማሙ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ከመዋል ይሻላል። የወጥ ቤቱን ኃላፊ ማነጋገር የሚሻለው ከበዓል ሰሞን በፊት ባለው ማክሰኞና ረቡዕ፣ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ ማረፊያ ቦታዎች ለንግድ ሲዘጋጁ ለአካባቢው ሴቶች መደብ እንዲለይላችሁ በማኅበር ሆናችሁ ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ አመልክቱ፤ አንድ በአንድ የሚቀርብ አቤቱታ ቶሎ ይረሳል። አንባቢዎቻችንንም እንለምናለን፤ ሲመለሱ መቂ ላይ ወጥተው የሳምንቱን ቲማቲምና ሽንኩርት ከከተማዋ ገዝተው ይግቡ፤ የሚያጠፉት ጊዜ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የተማሪዎቼ ግማሽ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ናቸው። በሥር የሚያሳልፈው መሻገሪያ ሩቅ ስለሆነ አጥሩን ቀደው ይሻገራሉ፤ እረኞችም እንዲሁ። ልጆቹን ብገሥጻቸውም አልተውም። ምን ላድርግ? (መምህር፣ ከመቂና ከባቱ መካከል)

መልስ፦ ባለፈው ዓመት እኔም በዚያ አካባቢ የተቀደደ አጥር አይቻለሁ። በተቆረጠው ሽቦ ጫፍ ላይ የፍየል ጠጉር ተንጠልጥሏል፤ ከሁለቱም ወገን ወደ ቀዳዳው የሚያመራው የእግር መንገድ ሣር እስከማያበቅል ድረስ ተረግጧል። አጥሩን በየጊዜው መጠገን ብቻ እንደማይበቃ ያ የእግር መንገድ ይናገራል፤ ሰው ወደ እርሻው፣ ወደ ውኃውና ወደ ትምህርት ቤቱ በሚሄድበት አቅጣጫ መሻገሪያ ካልተሠራለት ነገም ሌላ ቦታ ይቀዳል።

ስለዚህ ከግሣጼው ይልቅ መረጃ ይሰብስቡ። ተማሪዎቹ በየትኛው ሰዓት፣ ስንት ሆነው፣ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚያልፉ ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ፤ ከቀዳዳው እስከ ቅርቡ የሥር መሻገሪያ ያለውንም ርቀት በእግር ለክተው ደቂቃውን ይጻፉ። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ ወላጆች ኮሚቴና ከቀበሌው ጋር ሆናችሁ ለመንገዱ አስተዳዳሪና ለወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት በአንድ ቀን በሁለት ቅጂ አስገቡ፤ ተቀባዩ ቀንና ፊርማ ያስፍርበት። እስኪመለስላችሁ ድረስ ልጆቹን ጠዋት በቡድን አድርጎ በሥር መሻገሪያው በኩል የሚያመጣ አንድ ወላጅ በየሳምንቱ ይመደብ። በማመልከቻው ላይ “ከትልቁ ግራር አጠገብ” ብላችሁ አትጻፉ፤ በመንገዱ ዳር የቆመውን የኪሎ ሜትር ምልክት ቁጥር ከውጭ ሆናችሁ አንብባችሁ አስፍሩ፤ ጥገና የሚወጡት ሠራተኞች ቦታውን የሚያገኙት በእርሱ ነው።